ለሁሉም ሲያስተረጉም የኖረው ፉአድ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሳቢያን ሰፈር ጎረቤቶቼ ባገኙኝ ቁጥር «ቲቸር ጽጌ፣ አሁን ምን ትሠሪያለሽ?» ይሉኛል። «እተኛለሁ» እላቸዋለሁ። ድሬ ላይ ከምሳ በኋላ መተኛት እንደ ሥራ ስለሚቆጠር ማንም አይታዘበኝም። ውሸቴን ነው እንጂ እንቅልፉስ እምቢ ብሎኛል። ጋደም ስል ያልተዘጋጀሁበት ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ የቆምኩ ይመስለኝና ብድግ እላለሁ። ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረ ሰው በቀላሉ አይለቀውም መሰለኝ።

የውሃ ምህንድስና አስተማሪ ነበርኩ። ስለ ቧንቧና ስለ ግድብ ልጽፍ የተነሣሁ የመሰለው ካለ ከወዲሁ ይወቀው፤ የምጽፈው ስለ ማስተማር ነው። ማስተማር ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በደንብ የገባኝ ደግሞ ልሰናበት ጥቂት ሲቀረኝ፣ ፉአድ በሚባል ተማሪዬ ምክንያት ነው። ፉአድ በእኔ ኮርስ «ኤ» አግኝቶ የመውጫ ፈተናውን ወደቀ። ይህን አገር አቀፍ ፈተና ያላለፈ ተማሪ ዛሬ የዓመታት ልፋቱን ጨርሶም ዲግሪ አይሰጠውም። ወደ ፉአድ እመለሳለሁ። መጀመሪያ እኔ ራሴ እንዴት አስተማሪ እንደሆንኩ ልናገር።

አባቴ የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ተወልጄ ያደግሁትም እዚሁ ድሬ ነው። ስመረቅ የተመደብኩት ግን ደቡብ ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ የቴክኒክ ኮሌጅ ነበር። ዲናችን ጫማውን ሳያሰማ በኮሪደሩ የሚመላለስ፣ በየበሩ ጆሮውን ጣል የሚያደርግ ሰው ነው። ክፍሉ ጸጥ ካለ «እዚህስ ትምህርት አለ» ብሎ ያልፋል፤ ከተንጫጫ በሩን ከፍቶ ይገባል። እኔም ብልጥ ነኝና ማስተማሬን ለእሱ ጆሮ አስተካከልኩት። ኖት አስጽፋለሁ፣ ልጆቹ አቀርቅረው ይጽፋሉ፣ ዲኑ ደስ ይለዋል። ፈተና ሲደርስ ያስጻፍኳቸውን መልሰው ይጽፉልኛል፤ በሳምንቱ ብጠይቃቸው ግን አንዱም አያስታውሰውም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ የሚባለው ይኸው ነው። ደሞዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃ ነበር፤ ስለ ደሞዝ ከዚህ በላይ አልልም።

ከዚያ ጥቂት ዓመት በውሃ ቢሮ ሠራሁ። አለቃዬ ደግ ሰው ነበር፤ ወደ ድሬ ተመልሼ ዩኒቨርሲቲ ላስተምር ነው ስለው አዘነልኝ። «ማስተማር እኮ የደከመው ሰው ሥራ ነው። ኖቱ አንዴ ከተጻፈ ምን ሥራ አለው?» አለኝ። እኔም የድሮው ኖቴ ሻንጣዬ ውስጥ ስለነበር እውነቱን መሰለኝ።

ድሬ የጠበቀኝ ሙሴ ጳውሎስ ነው። ስሙ ጳውሎስ ነው፤ ምድር ባቡር ግቢ አድጎ ፈረንሳይኛ ስለሚናገር አገሩ ሁሉ ሙሴ፣ በፈረንሳይኛ አቶ እንደ ማለት፣ ይለዋል። በትምህርት ክፍላችን በዕድሜም በአገልግሎትም ትልቁ አስተማሪ እሱ ነበር። አዲስ የገባ አስተማሪ ሲኖር ኋላ ወንበር ላይ እየተቀመጠ ማየት የእሱ ድርሻ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሁለት ሰሌዳ ሙሉ አስጻፍኩ። ክፍሉ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጸጥ አለ። ሲያልቅ ምስጋና ስጠብቅ ሙሴ ተነሥቶ በመስኮቱ በኩል፣ መሐል አካባቢ ወደተቀመጠ አንድ ልጅ ሄደ።

«ዛሬ ምን ተማርክ?» አለው።

ልጁ ደብተሩን ገለጠ።

«ደብተሩን ክደነውና ንገረኝ።»

ልጁ ጣሪያውን አየ፣ እኔን አየ፣ ደብተሩን መልሶ ሊገልጥ እጁን ሰደደ። እሱን ያላበው ሳያንስ እኔን አላበኝ። ደረጃውን ስንወርድ ሙሴ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አቦ አንቺ ጎበዝ ነሽ፤ ጥሩ አድርገሽ አስተምረሻል። የተማረ ሰው ነው የጠፋው» አለኝ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። የናቀኝ መስሎኝ ነበር።

ንቀት እንዳልሆነ የገባኝ የእሱን ክፍል ሄጄ ሳይ ነው። ሙሴ ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ መነጽሩን ያወልቃል። ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ አንዱን መስታወት ይወለውላል፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ ያየዋል፣ ሌላውን ይወለውላል። መነጽሩ ንጹሕ ነው፤ ሁላችንም እናውቃለን። እስኪጨርስ አይናገርም፣ ማንንም አያይም። ልጆቹ መጀመሪያ ይቁነጠነጣሉ፣ ቀጥሎ ያስባሉ፣ በመጨረሻ አንዱ አፉን ይከፍታል። እኔ ግን ጥያቄዬን ጠይቄ ሳልጨርስ መልሱን ራሴ እናገር ነበር። ዝም ብሎ መጠበቅ የማስተማር ሥራ መሆኑን ማን ነግሮኝ? በኋላ እኔም ሞከርኩት። መነጽር ስለሌለኝ ሰሌዳውን ሁለት ጊዜ እጠርግ ነበር።

ሌላው ልማዱ ፈተናን ከኋላ ወደ ፊት ማምጣት ነው። ሴሚስተሩ ሳይጀመር የመጨረሻውን ፈተና ጽፎ መሳቢያው ውስጥ ይቆልፍበታል። ከዚያ ነው ኮርሱን የሚያቅደው። የራሴን የኮርስ ዕቅድ ይዤለት ስሄድ ምዕራፎቹን አንድ በአንድ እያነበበ «ይቺ ለየትኛው ጥያቄ ናት?» ይለኛል። ለአንዱም ያልሆነች ምዕራፍ ስትገኝ «ታዲያ ለማን ብለሽ አመጣሻት? ለመጽሐፉ ደራሲ?» ይላል። የዚያን ጊዜ የኮርሴ ግማሽ ተቆርጦ ወደቀ። ከተረፈው ላይ ልጆቹ በእጃቸው የሚሠሩት እየተጨመረ ሄደ። ተማሪ በመጨረሻው ቀን ምን መሥራት እንዲችል እንደምፈልግ ሳላውቅ የመጀመሪያውን ቀን ማቀድ እንደማልችል ያወቅሁት በዚህ ነው።

የድሬን ነገር ደግሞ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት ሱቁ የሚዘጋበት፣ ከተማው ጥላ የሚፈልግበት ነው፤ ያን ሰዓት የተመደበለት አስተማሪ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ተማሪ አያገኝም። ሙሴ በዚያ ሰዓት ንግግር አያደርግም። ያስነሣቸዋል፣ ያስለካቸዋል፣ ያከራክራቸዋል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙዎቹ የገባቸውንም መናገር ያፍራሉ። እሱ «በየአፋችሁ ተከራከሩበት!» ይላል። ያኔ ክፍሉ ገበያ ይሆናል፤ በአንዱ ጥግ ሶማልኛ፣ በአንዱ ኦሮምኛ፣ መሐል ላይ አማርኛ። በመጨረሻ ጠረጴዛውን ይመታና «አሁን ወሬ የለም። እያንዳንድሽ ለብቻሽ፣ በእንግሊዝኛ፣ ሦስት መስመር!» ይላል። ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ሲል ልጆቹ ይስቃሉ፤ እየሳቁ ይጽፋሉ።

ከሙሴ የወረስኩት ይህ መከራከሩን ነው። ሦስቱን መስመር ግን እያደር ተውኩት። ወረቀቱን ማረም ያደክማል፣ ተማሪውም በዛ፣ ክርክሩ ራሱ ትምህርት መሰለኝ። ነገሩ በኋላ ምን እንዳስከተለ እነሆ።

ሙሴ ጡረታ ሲወጣ አዳዲስ አስተማሪዎችን የማሠልጠኑ ሥራ ወደ እኔ መጣ። «ተማሪ ተኮር»፣ «ተከታታይ ምዘና» የሚሉት ቃላት በየስብሰባው የሚነሡበት ጊዜ ነበር። እኔም የገጠር ውሃ አቅርቦት የሚባለውን ኮርስ ከሥሩ አፍርሼ ሠራሁት። የመጨረሻ ፈተናውን አስቀረሁ። በቦታው ልጆቹ በቡድን ሆነው ከድሬ ወጣ ብላ ወዳለችው ገጠር፣ ጀልዴሳ ይሄዳሉ፣ ከውሃ ጉድጓዱ አጠገብ ካለው ሮቶ እስከ ከብቶቹ ገንዳ ያለውን መሬት ይለካሉ፣ ቧንቧ ይመርጣሉ፣ ከነዋሪው ጋር ተነጋግረው ሪፖርት ያቀርባሉ። ደስ የሚል ኮርስ ነበር። ለሠልጣኝ አስተማሪዎች ምሳሌ አድርጌ የማሳየው እሱን ነው። የምስክር ወረቀትም ተሰጥቶኝ ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ለሙሴ ሄጄ ስነግረው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ምን ይዞ ነው የሚመለሰው?» አለኝ። «ኧረ አንተ ደግሞ፣ ዘመኑ የቡድን ነው» አልኩት። ሳቀና ሻይ ቀዳልኝ።

ፉአድ የመጣው በዚያ ኮርስ ዘመን ነው። ልብስ ተራ የምትሸጠው የኑሪያ ልጅ ነው። ከእናቱ ኦሮምኛ፣ ከሰፈሩ ሶማልኛ፣ ከአያቱ ሐረሪ፣ ከትምህርት ቤት አማርኛ የያዘ፣ ሳቂታ፣ ለሰው ሟች የሆነ ልጅ። ገና ከአውቶቡስ ስንወርድ የጀልዴሳ ሽማግሌዎች እሱን ከበው ይቆማሉ። ከጎጃም፣ ከወላይታ፣ ከአዲስ አበባ የመጡት ልጆች ሰላምታ እንኳ ስለማያውቁ ሁሉም ቡድን «ፉአድ፣ ና እስቲ!» ይላል። እኔም እላለሁ። ከሁሉ በፊት የምጠራው እንዲያውም እኔ ነበርኩ። አንዷ እናት ከብቶቿ ገንዳው ጋ ሲጋፉ ያለውን ችግር ስትናገር፣ እሱ ሲተረጉም፣ ልጆቹ ሲጽፉ ሳይ «ይኸው ትምህርት!» እያልኩ ልቤ ይሞቃል። ሪፖርቱ ሲቀርብም ቆሞ የሚናገረው ፉአድ ነው። ደግሞ ሲናገር! ሰው እንባው እስኪመጣ ያስቀዋል። ኤ ሰጠሁት። አጨበጨብኩለትም።

የመውጫ ፈተናው ውጤት የተሰማ ቀን እሱን ለመጠየቅ እንኳ አላሰብኩም፤ ያልፋል ብዬ ነበር። በማግስቱ ቢሮዬ የመጣችው ኑሪያ ናት። ስታያት የምታስፈራ ሴት አይደለችም፤ ያን ቀን ግን በሩን ሳታንኳኳ ገባች። እጇ ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ልብስ አለ።

«ጽጌ፣ ይኸውልሽ ሱፉ» አለችኝ። «ለምርቃቱ ከራሴ መደርደሪያ መርጬ ያስቀመጥኩለት። ልጄ ወድቄያለሁ ይላል። አንቺ ግን ኤ ሰጥተሽዋል። ወረቀቱን አይቻለሁ፣ ጎረቤት አንብቦልኛል። ወላሂ አልሰደብሽም፤ ልወቅ ብዬ ነው። ከሁለት አንዱ ወረቀት ዋሽቷል። የቱ ነው?»

«ኑሪያ፣ ፈተና አንዳንዴ ያስደነግጣል፤ ደንግጦ ይሆናል» አልኳት።

«ፉአድ ሰው ፊት ደንግጦ ያውቃል?»

አያውቅም። ኑሪያ ፌስታሏን አንሥታ «ሀዬ፣ እሺ። ስታውቂው ንገሪኝ» ብላ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ፉአድን አስጠራሁት። ከመሣሪያ ክፍሉ ሌቭሉን አውጥቼ ግቢው ውስጥ፣ ከኒም ዛፉ ሥር አቆምኩት። ሌቭል ማለት ሦስት እግር ላይ የሚቆም የቅየሳ መነጽር ነው። በእሱ እያዩ፣ ራቅ ብሎ በተያዘ ቁጥር በተጻፈበት ዘንግ ላይ በማንበብ፣ አንዱ ቦታ ከሌላው ስንት ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚል ይታወቃል። በእኛ ሙያ ይህ ፊደል መቁጠር ነው። «ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ እስከ ቧንቧው ያለውን ከፍታ አውጣልኝ» አልኩት። ዓይኑን መነጽሩ ላይ ደቅኖ ጎንበስ አለ።

«አረፋውስ?» አልኩት። መሣሪያው ቀጥ ማለቱን የምታሳየውን ትንሽ የአየር አረፋ ማለቴ ነው። እሷን መሐል ላይ ሳያመጡ ማንበብ፣ ሚዛኑን ሳያስተካክሉ ስኳር እንደ መሸጥ ነው።

ቀና ብሎ አየኝ። «የቱ አረፋ?» አለ።

ከሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያች ቅጽበት የጎዳችኝ የለችም። ጀልዴሳ ሦስት ጊዜ ሄዷል። ስሙ በሪፖርቱ ላይ መጀመሪያ ተጽፏል። እጁ ግን መሣሪያውን ነክቶት አያውቅም። የስንቱ ቡድን ልጅ ለማስተርጎም ሲጠራው፣ ሌሎቹ ሲለኩ እሱ ዛፍ ሥር ከሽማግሌዎቹ ጋር ነበር። ሌሎቹ ልጆች ከእሱ ጥቅም አገኙ፣ እኔ ጥሩ ኮርስ አገኘሁ፣ እሱ ጭብጨባ አገኘ። ሌላ አገር አስተማሪ ይህን ስሕተት የሚሠራ አይመስለኝም። የእኛ ከተማ ሰው በአራት ቋንቋ የሚናገር ልጅ ሲያይ ሌላ ነገር መማር እንዳለበት ይረሳል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲባል ሰምቻለሁ፤ ጥምጣሙን ያስጠመጠምኩት እኔ ነበርኩ። አፈርኩ። አዘንኩ። በራሴም ተናደድኩ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ምን ብዬ ቲቸር? ሁላችሁም ጎበዝ ነህ ትሉኛላችሁ። ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ድምፁ ውስጥ የነበረው ቁጣ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ተገቢ ቁጣ ነው።

ፈተናውን ዳግም መቀመጥ ይፈቀዳል። እስከዚያ ያለው ጊዜ አጭር ነበር፤ እኔም ጡረታዬ ደርሷል። ፉአድ ካለፈ ዲግሪውን ይይዛል፤ ካላለፈ እናቱ ልብስ ተራ ላይ አንድ መደርደሪያ ልትሰጠው አስባለች። በመደርደሪያው ነውር የለም፤ ግን ልጁ የሚፈልገው እሱን አልነበረም። «ደላላና አስተርጓሚ ሆኜ ልቅር እንዴ? ድሬ በአስተርጓሚ አልቋል እኮ!» አለኝ አንድ ቀን።

እሱን ብቻ ማስጠናት ቀላል ነበር። እኔ ግን ኮርሱን ራሱን እንደገና ማቀድ ነበረብኝ፤ ከፉአድ ኋላ የሚመጡ ሌሎች ፉአዶች አሉ። ሙሴን ላማክረው ከዚራ ሰፈር ወዳለው ቤቱ ሄድኩ። ነገሩን ስነግረው «ነግሬሽ ነበር» አላለኝም፤ ይህን ደግነቱን አልረሳም። መነጽሩን አወለቀና ይወለውል ጀመር። ገባኝ። አሰብኩ፣ አሰብኩና እዚያው ጠረጴዛ ላይ የመጨረሻውን ፈተና ጻፍኩ። እያንዳንዱ ልጅ ብቻውን፣ በእጁ፣ መሣሪያ ተክሎ፣ አንድ ከፍታ አንብቦ፣ ውሃው ይደርሳል ወይስ አይደርስም የሚለውን ይመልስ። ይኸው ነው። ከዚያ ወደ ኋላ እያልኩ ሳምንቶቹን አቀድኩ።

አዲሱ ሕግ ቀላል ነው። ቋንቋውን የሚያውቅ ልጅ መሣሪያውን ይይዛል፤ የማያውቀው ሰዉን ያነጋግራል። የማያውቁት ከመሄዳቸው በፊት ጥቂት ጥያቄ በኦሮምኛ ያጠናሉ። ከመመለሳችን በፊት ደግሞ እያንዳንዱ በየተራ ለብቻው ይለካል፣ ለብቻው ያሰላል፤ ሌሎቹ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ድሮ በግማሽ ቀን ያልቅ የነበረው ጉዞ ሙሉ ቀን ፈጀ። የክፍል ኃላፊያችን ስለ ነዳጅና ስለ አበል አጉረመረመ፤ ፈረመ ግን።

ፉአድ ከአዲሶቹ ተማሪዎች ጋር ጀልዴሳ መጣ። መሣሪያው ጋ አቆምኩት። ደሳለኝ የሚባል የጎጃም ልጅ አንዲት አዛውንት ፊት ቆሞ «ሎን ሜቃ ቀብዱ?» አላቸው፤ ስንት ከብት አለዎት ማለቱ ነው። አዛውንቷ ሳቁና ረጅም መልስ ሰጡት። ደሳለኝ አንድ ቃል አልገባውም። ዘወር ብሎ ፉአድን በዓይኑ ለመነ። ፉአድ ሌቭሉን ትቶ ሮጠ።

«ተመለስ!» አልኩት።

«ቲቸር፣ ትልቅ ሴት እያናገረችን ዝም ልበል? ነውር አይደል እንዴ?»

እውነቱን ነው፤ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ይህን በዕቅዴ ውስጥ አላሰብኩበትም ነበር። ቆሜ ሳመነታ እሱ ራሱ ወደ አዛውንቷ ዞሮ በኦሮምኛ ተናገራቸው። «እናቴ፣ እኔ ዛሬ ሥራ ላይ ነኝ፤ ይህ ልጅ ቋንቋ እየተማረ ነው፣ ቀስ ብለሽ ንገሪው» ማለቱን በኋላ ነገረኝ። አዛውንቷ ደሳለኝን ክንዱን ያዙና ወደ በረታቸው ወሰዱት። ጣት እያስቆጠሩ፣ ላሟን እየነኩ፣ እየሳቁበት አስረዱት። ፉአድም ተመልሶ አረፋዋን ፈለገ። መጀመሪያ የወጣለት ቁጥር ውሃ ዳገት ይወጣል የሚል ነበር። ደግሞ ለካ። ደግሞ ተሳሳተ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ቆማ፣ እኔም እርዳታ አፌ ላይ መጥቶ፣ ዝም አልኩ። አራተኛው ላይ ልክ መጣ። አልጮኸም፣ አልሳቀም። ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ።

እኔ ጡረታ ወጣሁ፣ እሱ ፈተናውን ዳግም ተቀመጠ። ውጤቱ በመጣ ቀን ባጃጅ ይዞ ሳቢያን መጣና በሩ ላይ ቆመ። «ለጥቂት ነው ቲቸር፣ ግን አልፌያለሁ» አለ። አቅፌው አለቀስኩ፤ ጎረቤቶቼ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ወጡ።

«እናትህስ ምን አለች?»

ፊቱ ጠቆር አለ። «አላመነችም። ወረቀት በፊትም ነበረህ አለችኝ። የምትችለውን አሳየኝ ትላለች።»

ኑሪያ ትክክል ናት። እኔም ብሆን አላምንም ነበር።

ከልብስ ተራው ፊት ለፊት የቦይ ነገር አለ። በክረምት ዝናብ ሲጥል ውሃው ወደ ታች መውረድ ትቶ ወደ ሱቆቹ ይመለሳል፤ ኑሪያም ጎረቤቶቿም በየዓመቱ ልብሳቸውን እያነሡ ይከርማሉ። አንዱ ቆሻሻ ነው ይላል፣ አንዱ ቦዩ ጠቦ ነው ይላል፣ ሌላው የአላህ ሥራ ነው ይላል። ቦዩ የቱ ጋ ከፍ፣ የቱ ጋ ዝቅ እንደሚል ፉአድ እንዲለካው ካሠለጠንኳቸው ወጣት አስተማሪዎች አንዱን ለምኜ ሌቭሉን ተዋስኩ። ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትከርር፣ ፉአድ ሦስቱን እግሮች ከእናቱ ሱቅ በላይ ተከለ። ዘንጉን የሚይዝ ሰው አልነበረንም፤ እኔ ያዝኩ። የድሮ አስተማሪ በተሰቀለ ጂንስና ሸሚዝ መሐል ዘንግ አቅፋ ስትቆም ያየ ሁሉ ሳቀ። ይሳቅ።

ከቦታ ቦታ እያዘዘኝ ዞርኩለት። «ወደ ግራ ቲቸር። እዚያው። ቀጥ አድርጊው።» ጎንበስ ይላል፣ ይጽፋል፣ ቀና ይላል። ገበያው ነገሩን አየና ተሰበሰበ። ከማዶ ያለው የሶማሌ ነጋዴ በሶማልኛ ጠየቀው። ጫት የምትሸጠው ልጅ በኦሮምኛ ጮኸች። አንድ ሽማግሌ በሐረሪ ቀጠሉ። ሌላው በአማርኛ «ፉአድ! ቦዩ ሊፈርስ ነው እንዴ? ንገረና አቦ!» አለ። ሁሉም እንደ ልማዱ ይተረጉምልናል ብለው ጠበቁ። ፉአድ ዓይኑን ከመነጽሩ ሳያነሣ አንድ እጁን ወደ ላይ አደረገ። ጫጫታው ባሰ። ሽማግሌው ተቆጡ፤ ሰው ሲያናግርህ ምነው ልጄ የሚሉ መሰሉኝ።

ያኔ ኑሪያ ከሱቋ ወጣች። ልጇን አየችው፤ ብዙ ጊዜ ወስዳ አየችው። ከዚያ ወደ ገበያው ዞራ በሁሉም ቋንቋ የሚሰማ ድምፅ አወጣች።

«ዝም በሉ አቦ! አይታያችሁም? ልጄ እያነበበ ነው!»

ገበያው ጸጥ አለ። እኔም ዘንጉን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ።